የጓሳ ጠባቂው ዓይን

ሰሞኑን ዳቦ ልትገዙ የመጣችሁ ደንበኞቼ ሁሉ «የት ጠፍተሽ ነው?» ትሉኛላችሁ፤ መልሱን ሳትሰሙ ግን ዳቦአችሁን አቅፋችሁ ትሮጣላችሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መንዝ ነበርኩ። አብዛኞቻችሁ መንዝን የምታውቁት በብርዱ ዝና ብቻ ነው። ብርዱ እውነት ነው፤ የቀረውን ግን አታውቁትም።

የሄድኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። አያ ደምሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጓሳን ሲጠብቁ ነው። ጓሳ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለ ሰፊ ደጋ ሲሆን ረጅም ሳር ይበቅልበታል። በሳሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ በክፉ ዓመትም ከብት ይተርፍበታል። ሳሩ የሕዝብ ነው፤ ይሁን እንጂ ማንም ደስ ባለው ቀን ገብቶ አያጭድም። ሽማግሌ ይዘጋዋል፣ ቀኑ ሲደርስም ሽማግሌ በአዋጅ ይከፍተዋል። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ከአያ ደምሴ ዱላ አያመልጥም ነበር።

በስልክ ሳገኛቸው «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ይሉኛል። ባለቤታቸው እትዬ በለጥሻቸው ግን አንድ ቀን ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩና በሹክሹክታ፣ «ኧረ ልጄ፣ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ባለፈው ሰንበት ደጅ የታሰረችውን የቄሱን በቅሎ ቄሱ መስለዋቸው፣ ጎንበስ ብለው ‹ይፍቱኝ አባቴ› አሏት» አሉኝ። ስቄ ሳልጨርስ፣ «ቤታችን ገደል አፋፍ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ትናንት አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው» ሲሉኝ የመሄጃዬን ቀን ቆረጥኩ።

ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ብቻ የዓይን ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች ደብረ ብርሃን ይመጣሉ። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ሲስተርም «ይምጡና ወደ ሆስፒታሉ ልላክዎ» ብላቸው ነበር። አያ ግን «አልሄድም» ብለዋል። ለምን ቢባሉ አይናገሩም።

ሐሙስ ማለዳ አዲስ አበባ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ሰው ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ስኳርና ቡና ይይዛል፤ ዳቦ ጋጋሪ ግን ዳቦ ካልያዘች ምን ትይዛለች? አንድ ጆንያ ሙሉ ይዤ እግሬ ሥር አደረግሁት። ደብረ ብርሃን ቁርስ በልተን፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጉሙ መጥቶ በመስኮቱ ተለጠፈ።

«ዘንድሮም ጤና መድን አድሱ እያሉን ነው» አለች አጠገቤ የተቀመጠች የሞላሌ ነጋዴ። «አምና ከፈልኩ፤ ጉንፋን እንኳን አልያዘኝም። ምን ሊሆነኝ እከፍላለሁ?»

ለማያውቅ ልንገር። የገጠሩ ሰው አዝመራው ሲገባ በዓመት አንዴ በየቤቱ ያዋጣል። ምንም ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። ከዚያ በኋላ የታመመ ሁሉ ኪሱን ሳይዳስስ ጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ከባሰበትም ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ጠቡ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። «እህቴ፣ ይሄ ነገር ለሁሉም ሰው ግዴታ መሆን አለበት» አለ። «ሰው ማለት ነገን የሚያስብ ፍጡር ነው። ችግር ከመጣ በኋላ መሯሯጥ የአላዋቂ ሥራ ነው!»

«ለምን ግዴታ ይሆናል?» አልኩ እኔም፤ ዝም ማለት አልሆንልሽ ይለኛል። «መንግሥት ግብሬን ይወስድ የለም እንዴ? በዚያው ሁሉንም በነፃ ያክም!»

ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከእኔ፣ ግማሹ ከሹፌሩ ጋር ሆነ። የሞላሌዋ ነጋዴ ብቻዋን ቀረች፤ ድምፅዋ ግን የሁላችንንም ያህል ነበር። መዘዞ ልንደርስ ስንል ጎማው ፈነዳ። ወርደን በብርድ እየተንቀጠቀጥን ከበብነው።

«ትርፍ ጎማህን አውጣዋ» አለችው ነጋዴዋ።

ሹፌሩ ራሱን አከከ። «እስከ ዛሬ... ፈንድቶብኝ አያውቅም» አለ።

ነጋዴዋ እስክትሳል ድረስ ሳቀች። እኛም ተከተልናት፤ በመጨረሻ እሱም ሳቀ። ጆንያዬን ፈትቼ ዳቦ አደልኩ። አንዱ ከኪሱ ቆሎ አወጣ፤ ሌላው በጠርሙስ የያዘውን አረቄ አዞረ። ከሞላሌ አቅጣጫ የመጣ አንድ ሚኒባስ ቆሞ የራሱን ትርፍ ጎማ አውርዶ ሰጠን። «መሐል ሜዳ አስቀምጥልኝ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ የተዋወቁ እንኳን አይመስለኝም። እኔ የምኖርበት ሰፈር ጎረቤቴ መሰላል ሲያውሰኝ መታወቂያ ማስያዝ ነው የቀረው።

መሐል ሜዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያረፍኩበት አልቤርጎ ባለቤት ሁለት ወፍራም ባና፣ የመንዝን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ደራረበችልኝ፤ አልበቃ ብሏት መሰለኝ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ እግሬ ሥር አስገባችልኝ። እንደ ንግሥት ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ጠርሙሱ አፍስሶ ፍራሹ ረጥቧል። በዚህ ዕድሜዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ሴትየዋ ግን አይታ፣ «ግድ የለም፣ ለሠራተኛዋ እንግዳዋ ሕፃን ይዛ ነበር እላታለሁ» ብላ ጠቀሰችኝ፤ በዚያ ላይ ትኩስ ቂንጬ አበላችኝ።

ዓርብ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ መኪና ከሚቆምበት ወረድኩ። አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ በቅሎ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። የአያ ጎረቤት ጋሽ ታምሩ ናቸው። ከአያ ጋር አብረው አድገው፣ አብረው እየተጨቃጨቁ ያረጁ ሰው ናቸው።

«በቅሎዋ የቄሱ ናት» አሉኝ።

«ያቺው ናት? ‹ይፍቱኝ› የተባለችው?»

«ያቺው ናት። ከዚያ ወዲህ ኩራቷ አልተቻለም።»

እውነታቸውን ነው። በቅሎዋ ደስ ባላት ቦታ ትቆማለች፣ ደስ ባላት ጊዜ ትነሳለች። አንዲት ትንሽ ምንጭ ስንሻገር ውሃ ልትጠጣ አንገቷን ድንገት ዝቅ ስታደርግ በአንገቷ ላይ ተንሸራትቼ ውሃው ውስጥ ዘጭ አልኩ። ከላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሳር ይነጫሉ። ሁሉም አዩኝ፤ አንዱም አልደነገጠም። ጋሽ ታምሩ በርኖሳቸውን አውልቀው አለበሱኝ፤ እሳቸው በጋቢ ብቻ መንገዱን ጨረሱት።

አያ ደምሴ ደጃቸው ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ቁመታቸው ያው፣ ድምፃቸውም ያው ነው። ጉንጬን ስመው ሲጨርሱ ግን እጃቸው ፊቴን ዳበሰው። ድሮ ዳብሰውኝ አያውቁም። ከቤቱ በር እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ድረስ የጓሳ ገመድ ተወጥሯል። «ምንድን ነው አያ?» ብላቸው፣ «ልብስ ማስጫ ነዋ» አሉኝ። አንድም ልብስ አልተሰጣበትም። ቀና ብዬ እትዬ በለጥሻቸውን ሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ በገብስ እንጀራ ቀረበ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽሮ የለም። የተረፈኝን ዳቦ ሳቀርብ እትዬ በለጥሻቸው ቆርሰው ቀመሱና ትንሽ አሰቡ። «የከተማ ዳቦ ነፋስ ነው» አሉ። «ጎረስኩት፤ ከዚያ የት እንደሄደ አላወቅሁም።» እንግዲህ ደንበኞቼ፣ ይህን ያህል ዘመን ነፋስ ሸጬላችኋለሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አያ ከደጅ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ጣታቸው ዓይን አያስፈልገውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቀጥታ ገባሁበት።

«አያ፣ ገንዘብ ከሆነ እኔ አለሁ። ደብረ ብርሃን ልውሰድዎ።»

ገመዱን አስቀመጡት። «ገንዘብ? ደምሴ እኮ ጤና መድን ሲታደስ ከመንደሩ ቀድሞ የሚከፍል ሰው ነው! አንድ ዓመት አጉድዬ አላውቅም!»

ግራ ገባኝ። «ታዲያ ከከፈሉ ለምን አይታከሙም?»

ገመዱን መልሰው አነሱ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ጠየቁኝ፦ «ጓሳ ለምን ይዘጋል?»

«ለክፉ ቀን።»

«ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው አሉኝ።»

«ከብቱስ?»

«ደህና ነው።»

«እና ምን ብዬ ነው ገብቼ የማጭደው?» አሉ። «ይሄ መድን የምትሉት ሁላችን አዋጥተን የከለልነው ሳር ነው። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ምግብ ይበላልኛል። ነገ አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ብትመጣና ‹አልቋል› ብትባል፣ የሷን ሳር ደምሴ ነው ያጨደው ይባል? እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስመልስ የኖርኩ?»

እኔ ፈርተው ይሆናል፣ ቢላዋ ጠልተው ይሆናል እያልኩ ነበር የመጣሁት። አያ ግን ዓይናቸውን ለማያውቋት ሴት እያስቀመጡላት ኖሯል። ላቅፋቸውም፣ ልጮህባቸውም ፈለግሁ።

ጋሽ ታምሩ በአጥሩ በኩል ሰምተው ኖሮ ገቡ። «አሁንም የሳር ወሬ!» አሉ ሳይቀመጡ። «ደምሴ፣ ያንተ ጓሳ ድሮስ ለማን ነበር? የአባት አጥንት ለቆጠረ! አያቴ ከወንዝ ማዶ የመጣ ነው ተብሎ አንድ እስር ሳር ተከለከለ። በዱላ ያባረሩት አባትህ ናቸው። የእኛ ቤት ሳር የለበሰው መንግሥት ‹የሁሉም ነው› ያለ ጊዜ ነው። ሕክምናም እንደዚያ መሆን አለበት። ከፈለ አልከፈለ፣ አደሰ አላደሰ ሳይባል፣ ሰው በመሆኑ ብቻ ይታከም!»

«የሁሉም ነው በተባለ ጊዜ ምን ሆነ?» አሉ አያ። «ሁሉም ገባበት። እስከ ሥሩ ተጋጠ። ጭላዳው እንኳን የሚነጨው አጣ። ዘግተን፣ ጠብቀን ነው የመለስነው። አንተም የከደንከው አንዴ ነው፤ ለሁለተኛው ሳር ከየት ይምጣልህ?»

«አንዴም ቢሆን ከደንኩ!»

ይዤው የመጣሁት ሐሳብ የጋሽ ታምሩ ነበር። አያ ሲናገሩ ግን ራሴን ስነቀንቅ ተያዝኩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ሸንጎ ቢያስቀምጡት ለሁሉም ፈርዶ ነው የሚወጣ። እትዬ በለጥሻቸው የገብስ ዳቧቸውን ይዘው ወጡና፣ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሰውየው ግን አያዩም» ብለው ቆረሱልን። በነገራችን ላይ ዳቦው ነፋስ አይደለም። እስከ ማግስቱ የት እንዳለ ይታወቃል።

ጋሽ ታምሩን ልሸኝ ስወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ደምሴ በክርክር አይረታም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሞክሬዋለሁ። ግን አንድ የሚሰማው ነገር አለ።»

«ምን?»

«አዋጅ። ጓሳ የሚከፈተው በምን ሆነና? ቄሱን ላናግራቸው» ብለው ወረዱ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተሰብስቧል። አያ በዱላቸው ተደግፈው ከሽማግሌዎቹ መሐል ቆመዋል። ቄሱ፣ ማለትም የበቅሎዋ ባለቤት፣ ከድንጋይ ላይ ወጡ።

«ስሙ! የሰማችሁ ላልሰሙ አሰሙ!» አሉ። ሰው ፀጥ አለ። «በሽማግሌ ቃል፣ ሁላችሁም ያዋጣችሁት የጤናው ጓሳ ከነገ ጀምሮ ተከፍቷል! የታመመ ይግባ! ደካማ ይቅደም!»

አያ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ። ጓሳ ተከፈተ ሲባል የሚጠየቀውን ጥያቄ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። «በማን ቃል ተከፈተ?» አሉ በዚያ በድሮ ድምፃቸው።

«በሽማግሌ ቃል።»

«ክፉ ቀን መጥቷል?»

«አያ ደምሴ፣ እርስዎ በቅሎዬን ‹ይፍቱኝ› ያሏት ዕለት መጥቷል» አሉ ቄሱ። «እሷም እስከ ዛሬ አልፈታችዎትም።»

አጸዱ በሳቅ ተናጋ። አንዲት አሮጊት በሳቅ ብዛት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። አያ ብቻ አልሳቁም፤ ፈራሁ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ድሮም ከትከሻቸው ነው የሚጀምሩት።

«አዋጅ ከሆነ አዋጅ ነው» አሉ። «ግን ጓሳ ሲከፈት ሰው ብቻውን አይገባም። ብቻውን የሚገባ ሌባ ነው። ያመመው ሁሉ ነገ አብሮኝ ይነሳ።»

ይኼኛውን ጋሽ ታምሩም፣ ቄሱም፣ እኔም አላሰብነውም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር ትግስት የጤና ጣቢያውን በር ስትከፍት መንደሩ ሁሉ ከፊቷ ቆሟል። ጥርሱን የያዘ፣ ወገቡን የያዘ፣ ጆሮው የደነቆረ፣ እግሩ የቆሰለ። ከፊት አሮጊቶቹ፣ ከኋላ ጎረምሶቹ፤ አያ ዳር ዳሩን እየዳበሱ ወረፋ ያስጠብቃሉ።

«ምን መጣ? ወረርሽኝ ነው?» አለች ሲስተር ትግስት።

«ተከፍቷል ተብለን ነው» አሏት።

ለካስ አያ ብቻቸውን አልነበሩም። የመንደሩ ሰው ግማሹ በየዓመቱ እየከፈለ «የባሰበት ይታከምበት» እያለ ቤቱ ሲያቃስት የከረመ ነው። ሲስተር ትግስት ቁርሷን ሳትበላ ሠራች፤ የተረፈኝን ነፋስ ዳቦ አቀበልኳት። እኩለ ቀን ሲሆን የጨጓራው መድኃኒት አለቀ። ቀጥሎ የቁስሉ ቅባት። ከዚያ የሕመም ማስታገሻው። ወረዳ ተደውሎ «በሳምንቱ ይመጣል» ተባለ።

አያ ይህን ሲሰሙ ከአግዳሚው ተነሡ። «አላልኩም?» አሉ። «በአንድ ጠዋት ተጋጠ። ተነሺ፣ እንሂድ።»

«አያ፣ የእርስዎ ቀዶ ጥገና እኮ እዚያ ነው፤ ከዚህ መድኃኒት ጋር ምን አገናኘው?»

«ምጥ ለያዛትስ ምን ቀረላት?»

የሳምንቱ ሐኪሞች ደብረ ብርሃን ገብተዋል፤ እኛ ግን የሌለች ሴት ምጥ ይዞን ቆመናል። ሲስተር ትግስት ከክፍሏ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ወሊድ ይህን መዋጮ አይነካም» አለቻቸው። «ወሊድ ለሁሉም በነፃ ነው። አባል ሆነች አልሆነች፣ መንግሥት ነው የሚችለው። ማንም አይመልሳትም።»

ጉልበታቸውን አሟቸው የተቀመጡት ጋሽ ታምሩ እንደ ጎረምሳ ዘለው ተነሱ። «ሰማህ? ሰማህ ደምሴ? አባል ሆነች አልሆነች!»

አያ ወደ እሷ ዞሩ። «በማን ቃል?» ብለው ጠየቁ፣ አሁን ግን ቀስ ብለው።

«ሕጉ እንዲህ ነው አባባ።»

«እሷን ካልነካባት የሆስፒታሉን መላኪያ ጻፊልኝ» አሉና ተቀመጡ። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ ጋሽ ታምሩ ድምፅ አዞሩ። «አንተም ጉልበትህ ድኗል፤ ወረፋህን ለሌላ ልቀቅ።»

ማክሰኞ ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን። ከመሐል ሜዳ ያሳፈረን ያው የሐሙሱ ሹፌር ነው። ገና ሲያየኝ ከኋላ ሄዶ በሩን ከፈተና አሳየኝ፤ ሁለት ትርፍ ጎማ ጭኗል። አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቷል። ወደ ሞላሌ ስንጠጋ ነጋዴዋን ፈለግኋት፤ አልነበረችም፤ ይህን ሳታይ በመቅረቷ አዘንኩላት።

ረቡዕ ሆስፒታሉ ግቢ ከየወረዳው በመጣ ሰው ተሞልቷል። ከእኛ አጠገብ ወንድሟን ያመጣች አንዲት የመርሐቤቴ ሴት ተቀምጣለች። ጤፍ እንጀራ በወጥ ቋጥራ መጥታ «ብሉ፣ ብሉ» ስትለን ዋለች። አያ በቆላ ጤፍ ላይ የደጋ ሰው ንቀት ነበራቸው፤ ሦስት ጊዜ እስኪጨመርላቸው ድረስ። ቀዶ ጥገናው ፈርቼው ከነበረው የቀለለ ነበር፤ አንዱን ዓይናቸውን ሸፍነው አወጧቸው። የታዘዘላቸው የዓይን ጠብታ ግን ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የለም፤ «ከውጭ ግዙ» ተባልን።

አያ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት ዳብሰው ቆሙ። «ልጄ፣ ሁላችን አዋጥተናል። የዚህ ጠባቂው ማነው?»

«አባባ፣ እኔ ያለውን ነው የምሰጥ» አለ ወጣቱ ባለሙያ። ደክሞታል፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ያለውን አልጠየቅሁህም። የሚጠብቀውን ነው የጠየቅሁህ።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው «እውነት ነው፣ ማነው?» ማለት ጀመረ። ወጣቱም ጥቂት አሰበና፣ «እኔም አንዳንዴ እጠይቃለሁ» አለ። ጠብታውን ከውጭ ገዛሁ። እዚህ ላይ ማጣፈጫ የለኝም፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ፋሻውን ፈታችው። አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ገለጡት። አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው? እናትሽን መስለሽ የለም እንዴ!»

አለቀስኩ። እናንተም ብትሆኑ ታለቅሱ ነበር። ሐኪሟ እንኳን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አያ ደግሞ ተነስተው እስከ መስኮቱ ሄዱና ወደ ግቢው ተመለከቱ። ሣሩ ላይ ሰው ተቀምጧል፤ ተራውን የሚጠብቅ፣ ወረቀት የያዘ፣ ምንም ያልያዘ።

«እነዚህ ሁሉ አባል ናቸው?»

«አይደሉም» አለች ሐኪሟ። «የከፈሉም አሉ፣ ያልከፈሉም አሉ። ያልከፈሉት አንዳንዶቹ ዋጋውን ሰምተው ይመለሳሉ።»

አያ ከመስኮቱ ቶሎ አልተነሱም።

ቅዳሜ ወደ ቤት አደረስኳቸው። በቅሎዋ መጥታ ነበር፤ አያ አተኩረው አዩዋትና «አንቺ ነሽ?» ብለው አለፏት። እኔም በእግሬ ሄድኩ። ዓርብ የወደቅሁበት ምንጭ ስንደርስ ጭላዳዎቹ እዚያው ነበሩ።

ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ጠበቀን። እትዬ በለጥሻቸው እልል ሲሉ ድምፃቸው ገደሉን ተሻግሮ ተመለሰ። አያ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ እያዩ «ከሳህ፣ ወፈርሽ፣ አንተ ደግሞ ጢም አወጣህ እንዴ» እያሉ ሳሙ። ቤት ግቡ ሲባሉ ግን አልገቡም። ገመዳቸውን ሳይነኩ ወደ ጋሽ ታምሩ አጥር ሄዱና ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ በኩል ሳልፍ አላስተዋልኩትም። ሳሩ ጠቁሯል፣ በስብሷል፤ በአንድ ጎኑ ማገሩ ይታያል፤ በላስቲክና በድንጋይ ተሸፍኗል።

«ታምሩ፣ ቤትህ እያፈሰሰ ነው» አሉ።

«እያፈሰሰ ነው» አሉ ጋሽ ታምሩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ማየት ካቃተህ ወዲህ። ብነግርህ ‹በክርክር ሊረታኝ ነው› ትላለህ ብዬ ተውኩት።»

አያ ጣሪያውን ለቀው የልጅነት ወዳጃቸውን ፊት አዩ። አባታቸው በዱላ ያባረሩትን ሰው የልጅ ልጅ።

«ጓሳ ሲከፈት በእኔ ድርሻ ቀድመህ ትገባለህ» አሉ። «ማጭድህን ሳል።»

ጋሽ ታምሩ ዞር ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ትንሽ ቆይቶም ከውስጥ ማጭድ ድንጋይ ላይ ሲፋጭ ሰማን።